የተጎዳች የጎዳና ግልገል ድመት፦ ስለ ማንሳት፣ ማከምና ማሳደግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግልገል ድመት ሙቀቷን ለመጠበቅም፣ ረሃብ ለመቋቋምም፣ መድኃኒት ለማጣራትም አቅሟ ገና ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ አንድ ቅደም ተከተል ይከተላሉ፦ መጀመሪያ ደም ማቆም፣ ቀጥሎ ሙቀትና ጸጥታ፣ ከዚያ ሐኪም። ምግብ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ብዙዎቹ የሚሞቱት ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው፤ የሚገለብጡትም ክፉ ሰዎች ሳይሆኑ የሚራሩ ሰዎች ናቸው።

ብቻዋን የተቀመጠች ግልገል አየሁ። ላንሳት ወይስ እናቷን ልጠብቅ?

ደም፣ የሚጎተት ወይም ያበጠ እግር፣ የሚሸት ቁስል፣ የተጣበቀ ዓይን፣ ወይም ስትነኳት የቀዘቀዘ ሰውነት ካለ አትጠብቁ፤ አንሷት። ይህ ሁሉ ከሌለና ሆዷ ሞላ ብሎ ጸጥ ብላ ከተኛች ግን እናቷ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ይሆናል። እናት ድመት ሰው አጠገባቸው ቆሞ ካየች አትመጣም። ራቅ ብላችሁ፣ ከማትታዩበት ሆናችሁ ተከታተሉ። ቆሞ መጠበቅ ካልተቻለ ዙሪያዋን ዱቄት ስስ አድርጋችሁ ነስንሱና ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተመለሱ፤ ዱቄቱ ላይ የትልቅ ድመት ዱካ ካለ እናቲቱ መጥታ ነበር ማለት ነው።

«ሰው የነካትን ግልገል እናቷ ትጥላታለች» የሚባለው ልክ አይደለም። በእጃችሁ ጠረን ምክንያት የምትተዋት የለችም።

አንዷን ካነሳችሁ በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ድመት ባንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ግልገል መውለዷ የተለመደ ስለሆነ ሌሎቹ ከቆመ መኪና ሥር፣ ከቱቦ ውስጥ ወይም ከእንጨት ክምር ኋላ ሊኖሩ ይችላሉ።

እንዴት ልያዛት? ትቧጭራለች።

ወፍራም ፎጣ ከላይ ጣል አድርጉባትና ጭንቅላቷ ጭምር ሲሸፈን ከነፎጣው አንድ ላይ አቅፋችሁ አንሷት። ብርሃን ሲጠፋባት አብዛኛውን ጊዜ መታገሏን ትተዋለች። መኪና የገጫት ወይም ከፎቅ የወደቀች ከመሰላችሁ ሰውነቷን ሳታጥፉ ከሥሯ ጠፍጣፋ ነገር አንሸራትቱ፤ ትሪ፣ የካርቶን ክዳን፣ ወፍራም ደብተርም ቢሆን ይበቃል። ማጅራቷን ይዞ ማንጠልጠል እናት ድመት ለሕፃናቷ የምታደርገው ነው፤ አከርካሪዋ ወይም ደረቷ በተጎዳ ግልገል ላይ ግን ጉዳቱን ያብሳል።

የምታስገቡበት ካርቶን ክዳኑ የሚዘጋ፣ ጎንና ጎኑ ላይ እርሳስ የሚያሾልኩ ስምንት አሥር ቀዳዳዎች ያሉት ይሁን። ክዳን በሌለው ካርቶን መጓዝ ትልቅ ስህተት ነው። ደንዝዛ ተኝታ የነበረች ግልገል የመኪና ጥሩምባ ስትሰማ ባንድ ዝላይ ወጥታ መንገድ መሃል ትገባለች።

ቤት አስገባኋት። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምን ላድርግ?

ደም የሚፈስ ከሆነ ከሱ ጀምሩ። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ ጫኑ፤ ሰዓት አይታችሁ አምስት ደቂቃ ሙሉ። «ቆመ ይሆን?» እያሉ በየመሃሉ ማንሳት የረጋውን ደም እየነቀለ እንደገና ያስጀምረዋል። ጨርቁ ከራሰ ሳታነሱት ሌላ ከላዩ ደርቡ። እግሯን በገመድ ወይም በላስቲክ አጥብቆ ማሰር ደሙን ቢያቆምም እግሩን ይገድለዋል፤ አታድርጉት።

ቀጥሎ ሙቀት። ጣታችሁን አፏ ውስጥ አስገቡ፤ ምላሷና ድዷ ለጣታችሁ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግልገሏ አደጋ ላይ ናት። ቴርሞሜትር ካላችሁ፣ ከአራት ሳምንት በላይ የሆናት ጤነኛ ግልገል በፊንጢጣ ስትለካ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ታሳያለች፤ በተወለደች በመጀመሪያው ሳምንት ግን ከ35 እስከ 37 ዲግሪ መሆኑ የተለመደ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁ፣ በሁለት እጥፍ ፎጣ ጠቅልሉና በካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ አስቀምጡ። ሌላው ጎን ባዶ የሚሆነው ሲሞቃት ፈቀቅ እንድትል ነው። መንቀሳቀስ የማትችል ከሆነ በየሩብ ሰዓቱ እየነካችሁ እዩ። ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ቀይሩት፤ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ያገኘችውን ሙቀት መልሶ ይወስድባታል። ሙቀቱ ቀስ ብሎ፣ በአንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ መመለስ አለበት። የፀጉር ማድረቂያ፣ እሳት ዳር ማስጠጋትና ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ቆዳዋን ያቃጥላል፤ ባንድ ጊዜ ሲሞቅ ደግሞ የደም ግፊቷ ሊወርድ ይችላል። እርጥብ ከሆነች መጀመሪያ በደረቅ ፎጣ አድርቋት።

ሳትሞቅ አታብሏት። ይህን ደጋግመን የምንናገረው በቅዝቃዜ ጊዜ የግልገል አንጀት ሥራ ስለሚያቆም ነው፤ የገባው ወተት ሳይፈጭ ሆዷ ውስጥ ይቆያል። የመዋጥ አቅሟም ስለሚደክም ወተቱ ወደ ሳንባዋ ይገባል፤ ያን ጊዜ ከቁስሏ ላይ የሳንባ ምች ይጨመርባታል።

ከሞቀች በኋላም ልፍስፍስ ካለች ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ይሆናል። ጣታችሁን ማር ወይም ወፍራም የስኳር ውሃ አስነክታችሁ ድዷን እሹት፤ አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃል። አፏ ውስጥ አታፍስሱ።

ከዚያ ካርቶኑን ዘግታችሁ ጸጥ ባለ፣ ጨለም ባለ ክፍል አኑሯት። ልጆች እየመጡ እንዲያዩዋት፣ ፎቶ እንዲነሱባት ጊዜው አሁን አይደለም።

ለነገ የማይባል፣ አሁኑኑ ወደ እንስሳት ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት የትኛው ነው?

አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት ሁሌም አስቸኳይ ናት። ውሻ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፤ ድመት ግን እንዲያ ስታደርግ አየር አጥሯት ነው። የድዷ ቀለምም ይናገራል። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ በጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት የነጣው ቦታ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ መልሶ ይቀላል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ድድ ካያችሁ አትዘግዩ። ሁለቱም የኋላ እግሮቿ ከተጎተቱ፣ አሥር ደቂቃ ተጭኖ ደም ካልቆመ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ የሁለቱ ዓይኖቿ ብሌን መጠን ከተለያየ፣ ፈሳሽ እየወሰደች ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልሸናች፣ ዓይኗ ከጉድጓዱ ከወጣ (በጨውና በውሃ የራሰ ጎዝ ሸፍናችሁ) ውሰዷት።

መኪና የገጫት ግልገል ደግሞ ቆማ ብትራመድም ትታይ። ጥፍሮቿን ተመልከቱ፤ ጫፋቸው ተፋፍቆና ተሰነጣጥቆ ከሆነ አስፋልት ላይ ተንሸራትታለች ማለት ነው። ደረትንና ሆድን የሚለየው ስስ ጡንቻ በግጭት ሲቀደድ አንጀቷና ጉበቷ ወደ ደረቷ ይወጣሉ፤ ይህ ከውጭ ምንም ሳይታይ ቆይቶ ትንፋሿ እያጠረ ይመጣል።

ቁስሏን በምን ልጠበው?

ግማሽ ሊትር ውሃ አፍሉ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው ጨምሩ፣ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። በመርፌ አልባ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እየሳባችሁ ቁስሉ ላይ ግፉት፤ ቆሻሻውን የሚያወጣው የውሃው ግፊት ነው። በጥጥ መፈተግ አያስፈልግም፤ ጥጥ ክሩን ቁስል ውስጥ ይተዋል። ዙሪያውን ያለ ፀጉር በክብ አፍ መቀስ አሳጥሩ።

አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ሊድን የሚሞክረውንም ሥጋ ያቃጥላሉ። አዮዲን (ፖቪዶን) ይሆናል፤ ግን ቀጥኖ ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል ድረስ። የሰው ቅባት፣ በተለይ ማደንዘዣ ያለበት፣ አትቀቡ፤ ድመት የተቀባችውን ሁሉ ልሳ ስለምትውጠው የቀባችሁት ሆዷ ውስጥ እንደገባ ቁጠሩት።

ትንሽ ቀዳዳ ብቻ የሚታይበት ንክሻ ከሰፊ ቁስል ይልቅ ያሳስባል። ቆዳው ቶሎ ይገጥምና ውስጡ ይመግላል፤ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ትኩስና ያበጠ እባጭ ይሆናል። እባጩን ራሳችሁ አታፍርጡ፤ መክፈትና አንቲባዮቲክ መስጠት የሐኪም ሥራ ነው።

ቁስሉ ውስጥ ትል አለ። ተስፋ አላት?

አላት፤ ፈጥናችሁ ካገኛችሁት። ዝንብ የምትጥለው እንቁላል እንደ ሩዝ ፍርፋሪ ነጣ ብሎ ፀጉር ላይ ተጣብቆ ይገኛል፤ በሞቃት ቀን በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ተፈልፍሎ ሥጋ መብላት ይጀምራል። እንቁላሉን ጥርሱ በጠበበ ማበጠሪያ አውጡ ወይም ፀጉሩን ቁረጡ። ትሎቹን አንድ በአንድ በወረንጦ ልቀሙና በጨው ውሃው ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ውሃ ሲገባ ከጥልቁ እየወጡ ይመጣሉ፣ ስለዚህ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና እዩ። ቁስል ያለው አንድ ቦታ ቢመስልም ከጭራዋ ሥር፣ ጆሮዋ ውስጥና ብሽሽቷን ሳታዩ አትለፉ።

ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን ወይም የነፍሳት መግደያ ማፍሰስ ትሉን ከመግደል አልፎ ግልገሏንም ይመርዛታል። ቆዳዋ ስስ ነው፣ ሰውነቷም ትንሽ ነው።

እግሯ የተሰበረ ይመስላል። በእንጨት ልሰረው?

አትሰሩት። በደንብ ያልታሰረ ስብራት ከመገጣጠሚያው በላይና በታች ያለውን አጥንት እንደ ማንሻ እያንቀሳቀሰ ሥጋና ነርቭ ይቀዳል፤ በተለይ የጭንና የክንድ አጥንት በቤት ውስጥ ማሰር ፈጽሞ አይያዝም። በጠባብ ካርቶን፣ ወፍራም ጨርቅ ላይ ማስተኛት ከማንኛውም ማሰሪያ ይሻላል። አጥንቱ ወደ ውጭ ከወጣ በጨው ውሃ የራሰ ንጹሕ ጎዝ አልብሱት እንጂ ወደ ውስጥ አትግፉት።

የግልገል አጥንት ቶሎ ይጠገናል። ብዙ የዳሌ ስብራት ያለ ቀዶ ጥገና፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በሚደርስ የተገደበ እረፍት ብቻ ይድናል። ቶሎ መጠገኑ ግን ችግርም አለው፤ ቦታውን የለቀቀ አጥንት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጣሞ መያያዝ ይጀምራል። ራጅ ሳትነሳ ሳምንት እንዳያልፋት።

ጭራዋ ተንጠልጥሎ የማይንቀሳቀስ ከሆነና ሽንት ከሥሯ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሰው ወይም ጎማ ጭራዋን ጎትቶ ወደ ፊኛዋ የሚሄዱትን ነርቮች ጎድቷል። ይህንን ለሐኪሙ ለይታችሁ ንገሩት፤ እንዲህ ያለች ግልገል ፊኛዋ በእጅ ተጭኖ ባዶ መደረግ ሊኖርበት ይችላል።

ሕመሟ ያሳዝናል። ትንሽ ፓራሲታሞል ልስጣት?

በጭራሽ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ለግልገል የአንድ እንክብል ቁራጭ በቂ ነው። የሰው ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍበት ኬሚካላዊ መንገድ በድመት ጉበት ውስጥ በጣም ደካማ ነው። መርዙ ቀይ የደም ሴሎቿን ኦክስጅን መሸከም እንዳይችሉ ያደርጋል፤ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንም ሆዷንና ኩላሊቷን ያበላሻሉ። ቀድሞ የተሰጣት ካለ ለሐኪሙ ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ንገሩ፤ በጊዜ ከደረሰች ለፓራሲታሞል ማርከሻ አለው።

ለድመት የሚሆን የሕመም ማስታገሻ አለ፤ በክብደቷ ተሰልቶ ከሐኪም እጅ ብቻ ይሰጣል።

ዕድሜዋን በምን አውቃለሁ?

ከዓይን፣ ከጆሮና ከጥርስ። ዓይኗ ካልተከፈተ ከሁለት ሳምንት በታች ናት፤ አብዛኞቹ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ይከፍታሉ። በሦስት ሳምንት ጆሮዋ ይቆማል፣ የፊት ትንንሽ ጥርሶቿ ብቅ ይላሉ፣ እየተንገዳገደች ትራመዳለች። በአራት ሳምንት ውሻ ክራንቿ ይታያል፤ በስምንት ሳምንት የወተት ጥርሶቿ ሞልተዋል። በክብደት ደግሞ በተለምዶ ስትወለድ መቶ ግራም አካባቢ ሆና በየሳምንቱ ወደ መቶ ግራም ትጨምራለች። የተጎዳችና የተራበች ግልገል ግን ከዕድሜዋ በታች ስለምትመዝን ከክብደቱ ይልቅ ጥርሷን እመኑ።

ምን ላብላት? የላም ወተት አይሆንም?

የላም ወተት ለድመት የሚሆን በቂ ፕሮቲንና ስብ የለውም፤ ስኳሩ ደግሞ ያስቀምጣታል። ለጤነኛ ሰው ቀላል የሆነው ተቅማጥ ሦስት መቶ ግራም የማትሞላ ፍጥረትን በአንድ ቀን ያደርቃታል። ከአራት ሳምንት በታች ላለች ለግልገል ድመት የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ያስፈልጋል። ሌሊት ሆኖ ካልተገኘ፣ ለሰው ተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ በመመሪያው መሠረት ተበጥብጦና ለብ ብሎ ለጥቂት ሰዓታት ያቆያታል፤ ምግብ ግን አይደለምና ሲነጋ ወተቱን ፈልጉ።

መጠኑ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ መቶ ግራም ክብደት አራት ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 250 ግራም የምትመዝን ግልገል በአንድ ጊዜ አሥር ሚሊ ሊትር ትወስዳለች ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ በሁለተኛው በየሦስትና አራት ሰዓቱ፣ በሦስተኛው በየአራትና አምስት ሰዓቱ፤ ሌሊትም ጭምር። ወተቱን ክንዳችሁ ላይ ጠብ አድርጉት፤ ሙቅም ቀዝቃዛም ሆኖ ካልተሰማችሁ ልክ ነው።

አያያዙ ከመጠኑ በላይ ዋጋ አለው። እንደ ሕፃን በጀርባዋ አታስተኟት። እናቷን ስትጠባ እንደምትሆነው በሆዷ ትተኛ፣ አንገቷ ትንሽ ቀና ይበል። ጡጦውን ራሷ ትሳብ፤ በሲሪንጅ ከሆነ ጠብታ በጠብታ፣ እስክትውጥ እየጠበቃችሁ። ወተት በአፍንጫዋ ከወጣ ወዲያው አቁሙ፣ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ ጥረጉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ከደረቷ ድምፅ ከሰማችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

ከሦስት ሳምንት በታች ያለች ራሷ መሽናት አትችልም። ከያንዳንዱ ምግብ በኋላ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ከጭራዋ ሥር በስሱ አሹ፤ ሠላሳ ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ። ሽንቷ ነጣ ያለ ቢጫ መሆን አለበት፤ ከጠቆረ ፈሳሽ አጥሯታል።

ከአራት ሳምንት በላይ የሆናት ለግልገል የተሠራ ለስላሳ የድመት ምግብ ትብላ። እስኪገኝ አጥንት፣ ጨውና ሽንኩርት የሌለበት የተቀቀለ ዶሮ ለአንድ ሁለት ቀን ይበቃታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሏን ይሰባብራሉ፤ ስለዚህ ከቤት ወጥ ጨልፎ መስጠት አይሆንም። ለቀናት ተርባ የቆየች ከሆነ ሳህኑን ሞልታችሁ አታስቀምጡላት፤ በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ።

በየቀኑ በአንድ ሰዓት በወጥ ቤት ሚዛን መዝኗትና ጻፉት። በቀን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ግራም መጨመር አለባት። ሚዛኑ ባለበት መቆሙ ወይም መውረዱ በዓይን ከሚታየው ሕመም አንድ ቀን ቀድሞ ይነግራችኋል።

ዓይኗ በመግል ተጣብቋል።

በጨው ውሃው የራሰ ለብ ያለ ጎዝ ለሁለት ደቂቃ ዓይኗ ላይ አኑሩ፤ ቅርፊቱ ሲለሰልስ ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ውጭ ጥረጉ። ለእያንዳንዱ ዓይን ሌላ ጎዝ። በጣት ፈልቅቆ መክፈት የዓይኗን ገጽ ይቀዳል። ብዙውን ጊዜ መነሻው የድመት ሄርፒስ ቫይረስ ስለሆነ ታስነጥሳለች፣ አፍንጫዋም ይዘጋል፤ ማሽተት የማትችል ድመት ደግሞ አትበላም፤ ምግቧን ትንሽ ሞቅ ማድረግ ሽታውን ያነሳላታል። ቤት የተረፈ የሰው የዓይን ጠብታ አታድርጉ። ብዙዎቹ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ይህ የቆሰለ ዓይን ላይ ሲደረግ ዓይኑን እስከ መብሳት ሊያደርስ ይችላል። ዓይኗ ገና ሳይከፈት ሽፋኑ ከሥሩ ካበጠ ውስጡ መግል ተጠራቅሟልና በዕለቱ ይታይ።

ቁንጫ ወርሯታል። መድኃኒት ልርጭባት?

ግልገል በቁንጫ ብቻ ደሟ አልቆ ልትሞት ትችላለች፤ ድዷ ከነጣ ነገሩ ከማሳከክ አልፏል። የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ግን አታስነኳት። ብዙዎቹ ፐርሜትሪን አለባቸው፤ ለድመት መርዝ ነው፣ ያንቀጠቅጣታል። ለድመት የተሠራውም ቢሆን መለያው ላይ ከተጻፈው ዕድሜና ክብደት በታች አይሰጥም። እስከዚያ ድረስ የቁንጫ ማበጠሪያ ይዛችሁ ከአንገቷ ጀምሩ፤ እያንዳንዱን ጥርግ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ባለበት ሙቅ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ንከሩት፤ ቁንጫዎቹ ይሰምጣሉ። በደከመችበት ሰዓት አትጠቡ፤ ማበጠሪያው ይበቃል። የምትተኛበትን ጨርቅ በየቀኑ ቀይሩ።

ነክሳኛለች። ምን ላድርግ?

ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡት፤ በሰዓት። ከዚያ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል፣ ግልገል መሆኗም ዋስትና አይሆንም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለማዳን የሚያስችል ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። ግልገሏን አትግደሏት፣ አትልቀቋትም። ለአሥር ቀን ተለይታ መታየቷ ለሐኪሙ አስፈላጊ መረጃ ነው። በሽታው ባይኖርም የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ባክቴሪያን በጥልቀት ያስገባል፤ እጅ ላይ ከሆነ በአንድ ቀን ውስጥ ሊያብጥ ይችላል።

ጭርትም ከድመት ወደ ሰው ይመጣል። ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ የረገፈ ቦታ ካያችሁ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ደግሞ የመጸዳጃ ሳህኑን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ፤ ቶክሶፕላዝማ ከዓይነ ምድሯ ወጥቶ ለሰው የሚተላለፍ የሚሆነው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ነው።

ቤት ሌላ ድመት አለኝ። አብረው ይሁኑ?

ቢያንስ ሁለት ሳምንት በተለየ ክፍል፣ በተለየ ሳህን። የሚያስፈራው ፓንሉኮፔኒያ ነው፤ የድመት ፓርቮ የሚባለው። ግልገሏ ደህና መስላ ገብታ በሳምንቱ ትውከትና ተቅማጥ ሊጀምራት ይችላል። ቫይረሱ በልብስና በጫማ ይጓዛል፣ ዕቃ ላይም ለወራት ይኖራል፤ የእጅ አልኮል አይገድለውም። በረኪና ይገድለዋል፦ መጀመሪያ ቆሻሻውን አጥባችሁ፣ ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ ሠላሳ ሚሊ ሊትር በረኪና፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይታጠብ። ነባሯ ድመት ክትባቷን መጨረሷን ሳታረጋግጡ ለአንድ ደቂቃም አታገናኟቸው።

ከሐኪም ተመለሰች። ማገገሚያዋ እንዴት ይሁን?

ስብራት ያላት በቅጡ ቆማ የምትዞርበትና የምትተኛበት፣ ግን የማትዘልበት ሳጥን ያስፈልጋታል፤ ስልሳ በዘጠና ሳንቲ ሜትር አካባቢ በቂ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በአምስተኛው ስድስተኛው ቀን ነው። ሕመሙ ይታገሳል፣ መጫወት ትጀምራለች፣ ሰውም ድና አሳዘነችኝ ብሎ ይለቃታል፤ አንድ ዝላይ ሐኪሙ አጥንቷን ለመያዝ ያስገባውን ብረት ያጣምመዋል። ዳነች የሚባለው በራጅ ሲታይ ነው።

ፋሻ ካላት በቀን ሁለት ጊዜ ጣቶቿን እዩ። የመካከለኛዎቹ ሁለት ጣቶች ጥፍሮች ጎን ለጎን ተጠጋግተው መቀመጥ አለባቸው፤ እየተራራቁ ከመጡ እግሩ ከፋሻው ሥር እያበጠ ነው። ከቀዘቀዙ፣ ፋሻው ከራሰ ወይም ከሸተተ በዕለቱ ይፈታ።

ቁስሏን እንዳትልስ የሚደረገው የአንገት ኮን ካልተገኘ አሮጌ የራጅ ፊልም ይሆናል። ክብ ቆርጣችሁ እንደ ቀንድ ጠቅልሉት፣ የአንገቱን ጠርዝ በፕላስተር አልብሱት። ከአፍንጫዋ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይለፍ፤ በአንገቷና በኮኑ መካከል አንድ ጣት ይግባ። መጸዳጃዋ ውስጥ የተቀደደ ወረቀት አድርጉ፤ አሸዋ ቁስል ላይ ይጣበቃል፣ እርጥበት ሲነካው የሚጓጉለውን ደግሞ ግልገሎች ይበሉታል።

ስቀርብ እፍፍ ትላለች፣ ትመታኛለች። መቼም አትለምድ ይሆን?

ፈርታ ነው። ግልገል ሰውን በቀላሉ የምትለምደው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ይቻላል፣ ጊዜ ግን ይፈጃል። ወለል ላይ ተቀመጡ፣ ዓይን ዓይኗን አትዩ፣ ምግቡ እናንተ ባላችሁበት ብቻ ይምጣ። መጀመሪያ ከረጅም ማንኪያ፣ ከዚያ ከጣት ትላስ። እየበላች ሳለ ጉንጯን ከጎን ንኩ፤ ከላይ የሚመጣ እጅ ለሷ አዳኝ ነው። ስትታመም የምትፈራው እጅ መድኃኒት የሚሰጠው ነውና ከተቻለ መድኃኒት የሚሰጣትና የሚያበላት ሰው ይለያይ።

ክትባት፣ የትል መድኃኒትና ማምከን መቼ ነው?

የወስፋት መድኃኒት ከሁለት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ በክብደቷ ልክ። የኮሶ ትል በጭራዋ ሥር እንደ ሩዝ ፍሬ ከታየ መነሻው ቁንጫ ስለሆነ ቁንጫውም አብሮ ይታከም። ዋናው ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጀምርና አሥራ ስድስት ሳምንት እስኪሞላት በየሦስት አራት ሳምንቱ ይደገማል፤ ከእናቷ የወረሰችው መከላከያ ቀደም ያሉትን ሊያከሽፍ ስለሚችል መጨረሻውን መዝለል የለባችሁም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከአሥራ ሁለት ሳምንት ጀምሮ ነው። ማምከን በአራትና በአምስት ወር መካከል። «ገና ልጅ ናት» አትበሉ፤ በአራት ወሯ ልትፀንስ ትችላለች፣ እርግዝናዋም ዘጠኝ ሳምንት ብቻ ነው።

በድመት ኤድስ ምርመራ ከስድስት ወር በታች «አለባት» የሚል ውጤት ብቻውን አይታመን፤ የእናቷ ፀረ እንግዳ አካል ሊሆን ስለሚችል ከስድስት ወር በኋላ ይደገም።

ራሴ ማሳደግ አልችልም። ለሌላ ሰው ስሰጥ ምን ልጠይቅ?

ከዚህ በፊት የነበራት ድመት ምን እንደሆነች ጠይቁ፤ አንድ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ «ጠፋች» ካለ መስኮቱና አጥሩ መታየት አለበት። የቤቱ ሰው ሁሉ መስማማቱን፣ ሲጓዙ ማን እንደሚያያት፣ ቀጣዩን ክትባትና ማምከኑን ማን እንደሚያስፈጽም ከመስጠታችሁ በፊት ይለይ። ከስምንት ሳምንት በፊት፣ ቁስሏ ሳይድንና ክብደቷ ሳይጨምር አትስጡ። ስትሰጡ የተሰጣትን መድኃኒት ስምና ቀን፣ የክትባት ወረቀቷን፣ የለመደችውን ምግብ ለሳምንት የሚሆን አብራችሁ ስጡ፤ ምግብ ድንገት መቀየር ያስቀምጣታል። «ካልተስማማችሁ ወደ ጎዳና ሳትመልሱ ወደኔ አምጧት» የሚለውን ቃል ከመስጠታችሁ በፊት ተቀበሉ።

ሐኪሙ «አትድንም» ቢለኝስ?

አከርካሪዋ ተቆርጦ የኋላ እግሮቿ ጣት ሲቆነጠጥ ምንም የማይሰማት ከሆነ፣ ወይም ሕመሟ በመድኃኒት የማይታገስ ከሆነ፣ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ማድረግ ጥሎ መሄድ አይደለም። ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሕመም ይሰማታል ወይ? በራሷ መብላትና መጸዳዳት የምትችልበት ጊዜ ይመጣል ወይ? እዚያው ክፍል ውስጥ ቆዩላት፤ የመጨረሻ የሰማችው ድምፅ የምታውቀው ይሁን።

አንድ እግሯ ተቆረጠ። እንደ ሌላው ድመት ትኖራለች?

ትኖራለች። ግልገል ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ቀናት ቆማ መሄድ ትጀምራለች፤ በጥቂት ሳምንታት ትሮጣለች። ለውጥ የሚያስፈልገው ቤታችሁ ነው። መጸዳጃዋ አንድ ጎኑ ዝቅ ያለ ይሁን፣ የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ። የፊት እግሯን ያጣች ድመት ከከፍታ ስትወርድ ሸክሙ ሁሉ በአንዱ ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ ከሶፋው አጠገብ መረማመጃ የሚሆን በርጩማ አኑሩላት። የኋላውን ያጣች ደግሞ በዚያ ጎን ያለውን ጆሮዋን ማከክ አትችልም፤ ጉቶው በከንቱ ሲንቀጠቀጥ ስታዩ እናንተ እከኩላት።